ያልተከፈቱት ስድስት ማሽኖች

ቢሮ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም፤ «ደረሰኝ» ነበር የሚሏት። ቅጽል ስሙ የወጣላት ባልደረቦቿ ለወለደችው ጸሐፊ ስጦታ መግዣ ገንዘብ ያዋጡ ጊዜ ነው። ገዝቶ የመጣው ሰው ገና የሕፃኑን ልብስ ከፌስታሉ ሳያወጣ «ደረሰኙስ?» አለችው። ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። እሷ ግን እጇን እንደዘረጋች ቆመች።

«ሳቁ፣ ሳቁ። ስቃችሁ ስትጨርሱ ደረሰኙን አምጡልኝ» አለች።

ከዚያ ወዲያ ስሙ ተለጠፈባት፤ እሷም አልከፋትም። የሃምሳ ሁለት ዓመት ኦዲተር ናት። ከዕድሜዋ ሃያ ስድስቱን ዓመት የጨረሰችው የሰው መዝገብ በማገላበጥ ነው። አላገባችም፤ የሚቀልዱባት «ቃል ኪዳኗን ከመዝገብ ጋር አስራለች» ይላሉ። ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ ናት። እናታቸው ስትሞት ታላቂቱ አሥራ ዘጠኝ፣ ታናሺቱ ስምንት ዓመቷ ነበር። ታላቂቱ በአንዲት አሮጌ የስፌት መኪና የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች፣ ዓይኗ እስኪቀላ እያጎነበሰች፣ ታናሿን ሂሳብ አያያዝ አስተምራ ለወግ አበቃቻት።

አሁን የታላቂቱ ኩላሊት ደክሟል። በሳምንት ሁለት ቀን ወደ ከተማው ትልቁ ሆስፒታል ሄዳ፣ አራት አራት ሰዓት ተኝታ ደሟ በማሽን ይታጠባል። ከእጥበቱ ዋጋ ግማሹን ታናሺቱ ትከፍላለች። ቀሪውን «ሆስፒታሉ ይቀንስልኛል» ብላታለች እህቷ። እንዴት እንደሚቀንስላት ግን ጠይቃት አታውቅም። እህት ወረቀት አይጠየቅም።

አንድ ሰኞ ጠዋት የቢሮው ባለቤት ጠራት። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ዛሬም በእርሳስ የሚደምሩ፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚላቸው ሰው ናቸው።

«ነይ ቁጭ በይ» አሉ ደብዳቤ እየገፉላት። «የሆስፒታሉ ወዳጆች ማኅበር ነው።»

ማኅበሩን የማያውቅ አልነበረም። የገንዘብ ሣጥኑ በየፋርማሲው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። መዝጊያው ላይ የአንድ ባለ ነጭ ፀጉር ሐኪም ፎቶ አለ፤ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ናቸው። ጡረታ የወጡ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሲሆኑ፣ ከተማው ውስጥ የእሳቸው ቢላዋ ያልነካው ቤተሰብ ማግኘት ያስቸግራል። ለኩላሊት ሕሙማን ማሽን እንግዛ ብለው የተነሡት እሳቸው ናቸው፤ ሰዉም ከባለ ፋብሪካ እስከ ሊስትሮ ሰጥቷቸዋል።

«አባላቱ ምንድን ነው የሚሉት?» አለች።

«ከሰጠነው መቶ ውስጥ ስንቱ ታካሚው ዘንድ ይደርሳል? ማኅበሩ ራሱ ሳይሆን ውጭ ያለ ሰው አይቶ ይንገረን፣ ነው የሚሉት። ጠቅላላ ጉባኤው የፊታችን ሳይሆን የሚቀጥለው ቅዳሜ ነው። ከዚያ በሳምንቱ ደግሞ የየዓመቱን ትልቅ የገቢ ማሰባሰቢያ እራት ያዘጋጃሉ።»

«ጋሼ፣ የአራት ዓመት መዝገብ በአሥራ ሁለት ቀን?»

«ለዚህ አይደል አንቺን የጠራሁሽ?»

እንደ ደንቡ «ከምመረምረው ድርጅት ጋር የጥቅም ግንኙነት የለኝም» የሚለውን ቅጽ ሰጧት። ቆማ ፈረመችና ወጣች።

የማኅበሩ ቢሮ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ፣ ከካርድ ክፍሉ ጀርባ ያለ ሁለት ክፍል ነው። ሥራ አስኪያጁ አርባ የማይሞላው፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ቃሉ እንደ ማር የሚንጠባጠብ ሰው ነበር። «እዚህ የተዘጋ በር የለም፤ የፈለጉትን ይጠይቁ» ብሎ ጠረጴዛ አስለቀቀላት።

እሷም ጠየቀች። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ገቢ ደረሰኝ ከባንክ ደብተር ጋር ስታመሳክር ዋለች። አንድ ሳንቲም አልጎደለም። ቁጥር ያልዘለለ፣ ስርዝ ድልዝ የሌለበት መዝገብ ነው። ሌባ ፈልጋ ብታጣ ደስ አላት፤ እሷም እንደ ሌላው ሰው እኚያን ሐኪም ትወዳቸው ነበርና። ግን ለሃያ ስድስት ዓመት የሠለጠነ አፍንጫ ዝም ብሎ አያርፍም። ማኅበሩ በየዓመቱ በሚያሳትመው መጽሔት «ከመቶው ሰማንያ ስምንቱ በቀጥታ ለታካሚ ይውላል» ይላል። ከዚያ ሰማንያ ስምንት ውስጥ ትልቁ ቁራጭ «የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት» የሚል ስም ይዟል። የወጪ ማዘዣዎቹን አስመጣች። የአዳራሽ ኪራይ። የዘፋኝ ክፍያ። የአበባ ጉንጉን። ባለ አርማ ካናቴራ። የፎቶ አንሺ።

«ይሄ ምኑ ላይ ነው ትምህርቱ?» ብላ ጠየቀችው።

«እራቱ ላይ ዶክተር ስለ ኩላሊት ጤና ንግግር ያደርጋሉ። ሕዝቡ ይማራል» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ስንት ደቂቃ?»

«አሥርም አሥራ አምስትም...»

«ዘፋኙስ ምን ያስተምራል?»

«ዘፋኝ ባይኖር ሕዝቡ ቁጭ ብሎ ንግግሩን ይሰማል እንዴ?» አለ፤ ፈገግ አለና መልሱን ራሱ ወደደው።

እሷ ፈገግ አላለችም። የእራቱን ወጪ ከ«ትምህርት» አውጥታ ትክክለኛ ቦታው ስታስገባው ሰማንያ ስምንቱ ወደ ሃምሳ ሰባት ወረደ። በቀይ እስክሪብቶ አሰመረችበት።

በአራተኛው ቀን የንብረት ዝርዝሩን ይዛ ማሽኖቹን ልትቆጥር ሄደች። በዝርዝሩ ላይ አሥር የኩላሊት እጥበት ማሽን አለ፤ እጥበት ክፍሉ ውስጥ ግን አራት ብቻ ናቸው የሚሠሩት። አራት አልጋ፣ አራት ታካሚ፤ ከበሩ ውጭ ደግሞ አግዳሚ ወንበሩን የሞላ ወረፋ ጠባቂ። የቀሩትን ነርሷን ብትጠይቃት «እኔ አላውቅም፣ ጥገና ክፍል ጠይቂ» ብላ ዓይኗን ሰበረች።

የሕክምና መሣሪያ ጥገና ባለሙያው ምድር ቤት ባለች፣ ቅባት ቅባት በምትሸት ክፍል ውስጥ የሚሠራ፣ ትከሻው የጎበጠ ሰው ነበር። ዝርዝሩን ዐየና መፍቻውን አስቀመጠ። መልስ ሳይሰጣት ከግድግዳው ቁልፍ አንሥቶ ቀደመ። የመጋዘኑን በር ሲከፍተው መብራቱ ለመብራት ሦስት ጊዜ አንገራገረ።

ስድስት ካርቶን። ሁለት ሁለት ሆነው ተደራርበዋል። ፕላስቲኩ አልተቀደደም። አቧራው ላይ ድመት የሄደችበት ዱካ ነበር።

«ስንት ጊዜያቸው ነው?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ሁለት ዓመት ከሦስት ወር።»

«ለምን አልተተከሉም?»

«በውሃ ምክንያት ነዋ እህቴ። አንድ ሰው ለአንድ ጊዜ እጥበት ከመቶ ሊትር በላይ የተጣራ ውሃ ይፈልጋል። ያለን ማጣሪያ ከአራት ማሽን በላይ አይችልም። ለአሥሩ የሚሆን ማጣሪያ ከማሽኑ ለብቻ ነው ዋጋው። ገንዘቡ ለሁለቱም አልበቃ ሲል ማሽኑ ይቅደም ተባለ።» አፍንጫውን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «ማሽን ፎቶ ይነሣል። የውሃ ቱቦ ማን ፎቶ ያነሣዋል?»

«ዋስትናውስ?»

«ዋስትናው ሁለት ዓመት ነው፤ ከተረከብንበት ቀን ነው የሚቆጠረው። አልቋል።»

ሦስት ጊዜ ለማኅበሩ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ቅጂዎቹን ከመሳቢያው አውጥቶ ሰጣት። «ሰው እስኪጠይቀኝ ነበር የምጠብቀው» አለ። ያን ቀን ከሰዓት የማኅበሩን የዓመት መጽሔት እንደገና ገለጠችው። ስድስተኛው ገጽ ላይ በደማቅ ፊደል «አሥሩም ማሽኖቻችን ሕይወት እያዳኑ ነው» ይላል።

የሚቀጥለው ሰኞ የቀራት ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ የታካሚዎች ድጋፍ። ማኅበሩ አቅም የሌላቸውን ስልሳ ሰዎች የእጥበት ዋጋ ግማሽ ይከፍላል። ለናሙና ሃያ ፋይል መዘዘች። ማመልከቻ፣ ፎቶ፣ የሐኪም ወረቀት፣ ፊርማ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች አሥራ ሦስተኛው ላይ ደረሰች። የፋይሉ ቁጥር አርባ አንድ ነበር። ከፈተችውና የእህቷን ፎቶ ዐየች።

ዓይኗን ያመነችው ፊርማውን ስታይ ነው፤ የእህቷ ፊርማ እንደ ስፌት እየጠቀጠቀ የሚሄድ፣ የትም ቢታይ የሚለይ ነው። «የቤተሰብ ሁኔታ» በሚለው መስመር ላይ በራሷ እጅ እንዲህ ጽፋለች፦ «አንድ እህት አለችኝ። ደመወዝተኛ ናት። ከዚህ በላይ ላስቸግራት አልፈልግም።»

ፋይሉን ከደነችና ተነሥታ ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ፊቷን ታጠበች። ስትመለስ ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ተደግፎ ቆሟል።

«ቁጥር አርባ አንድን አገኟት?» አላት በለሰለሰ ድምፅ።

ያውቅ ነበር። በመጀመሪያው ቀን የአባቷን ስም ሲመዘግብ ነው ያወቀው።

«እኛ የማንንም ድጋፍ በዚህ የተነሣ አንነካም» አለ። «ግን እርስዎ ሂሳብ ያውቃሉ። ወሬ ከወጣ ሰው መስጠት ያቆማል። ሰው መስጠት ሲያቆም ስልሳ ሰው ነው ከማሽን የሚወርደው። ይህን እንዲያውቁ ብዬ ነው።»

«እያስፈራሩኝ ነው?»

«ኧረ በሞቴ! እየነገርኩዎት ነው እንጂ።»

ቦርሳዋን አነሣች። እስከ ቢሮዋ በእግሯ ሄደች፤ ታክሲ መሳፈር እንኳ አልታሰባትም። ጋሼ ፊት ቆማ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረቻቸው፤ ሃምሳ ሰባቱን፣ ስድስቱን ካርቶን፣ እህቷን።

ጋሼ እርሳሳቸውን አስቀመጡ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ዛሬ ጠዋት፣ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ።»

«ቅጽ ፈርመሻል።»

«ስፈርም አላውቅም ነበር ጋሼ።»

«አውቃለሁ። ሰው ግን አያውቅም።» ድምፃቸው ሻከረ። «እህትሽ የምትጠቀምበትን ማኅበር ብታወድሺ ለእህትሽ ብላ ነው ይላሉ። ብትነቅፊ ደግሞ እህቷን እንዳይነኩባት አስቀድማ መታቻቸው ይላሉ። ወረቀቱን ሁሉ እዚህ አስቀምጪና ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

ያን ቀን ልቧ ተሰብሮ ወደ ቤቷ ሄደች። ጋሼ ሥራውን ለሌላ ሰው እንደሚሰጡት እርግጠኛ ነበረች። ሌላ የተባለው ደግሞ ሰው ማስቀየም የማይወድ፣ ክፉ ነገር ሲያገኝ በትንሽ ፊደል መጨረሻው ገጽ ግርጌ ላይ የሚጽፍ ባልደረባዋ ነው። ስድስቱ ካርቶኖች ግርጌ ሲገቡ ታዩዋት።

በማግሥቱ ጋሼ ቢሮ የገቡት ከምሳ በኋላ ነበር። የኮታቸው እጅጌ በአቧራ ነጥቷል።

«ስድስት ናቸው» አሉ ገና ከበሩ። «ራሴ ቆጠርኳቸው። ደረጃው ጉልበቴን ገደለኝ እንጂ።» ወንበራቸው ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። «ሥራውን የምትጨርሺው አንቺ ነሽ። እያንዳንዱን ቁጥር ግን እንደገና እኔ አያለሁ፤ ከአንቺ ፊርማ በላይ የኔ ይኖራል። የእህትሽ ነገር ደግሞ ግርጌ አይገባም። የመጀመሪያው ገጽ፣ የመጀመሪያው መስመር።»

ረቂቁ ሐሙስ ጠዋት ለሊቀ መንበሩ ቀረበ። ሐኪሙ በዝግታ አነበቡት። ሥራ አስኪያጁን «አንድ ጊዜ ውጣልን» አሉት። ሲወጣ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ አንድ ሳንቲም በልቻለሁ?»

«አልበሉም ዶክተር። እንዳልተበላም ጽፌያለሁ፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ።»

«ሦስተኛው ገጽ ድረስ ማን ይደርሳል? ሰው ‹ስድስት ማሽን› ሲባል የሚሰማው ‹በሉት› የሚለውን ነው።» ወደ መስኮቱ ዞሩ። «በመጀመሪያው እራት ላይ ከመድረክ ቆሜ አሥር ማሽን ብዬ ቃል ገባሁ። ሰዉ አጨበጨበ። ገንዘቡ አልሞላ ሲል ‹አምስት ነው የቻልነው› ማለት አቃተኝ። ማሽኑ ይምጣ እንጂ ውሃው ይደርሳል አልኩ። አልደረሰም። ከዚያ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ። አንድ ዓመት ብቻ ስጪኝ። ከዚህ እራት የማጣሪያውን ገንዘብ አገኛለሁ።»

ልቧ ራርቶ ነበር። ሆኖም አንድ ጥያቄ ቀርቷት ነበርና ጠየቀቻቸው።

«የመጋበዣ ካርዱ ላይ ገንዘቡ ለምን እንደሚሰበሰብ ነው የተጻፈው?»

ካርዱ ጠረጴዛቸው ላይ ነበር። «ለአምስት ተጨማሪ ማሽኖች» ይላል።

«ወረፋ የሚጠብቁትስ ስንት ናቸው ዶክተር?»

«ሠላሳ አራት» አሉ ወዲያው። ቁጥሩን ወረቀት ሳያዩ ነው የሚያውቁት።

«ረቂቁ ላይ አስተያየትዎን ጽፈው ይስጡኝ፤ ሳልቀንስ ሳልጨምር ከሪፖርቱ ጋር አብሬ አነበዋለሁ» ብላ ተነሣች። ምንም ሳይጽፉ ቀሩ።

በዚያው ቀን ከሰዓት እህቷን ልትጠይቅ ሄደች። እህቷ የስፌት መኪናዋ አጠገብ ተቀምጣ ሰማያዊ ቀሚስ ትሰፋለች።

«ነይ እስኪ፣ አንድ የደበቅኩሽ ነገር አለ» አለቻት ገና ሳትቀመጥ። «ሆስፒታሉ ይቀንስልኛል ያልኩሽ ውሸቴን ነው። የሚከፍልልኝ ማኅበሩ ነው። አፍሬ ነው ያልነገርኩሽ። አሁን ግን ቅዳሜ ጉባኤያቸው ላይ ተነሥቼ እንዳመሰግን ጠሩኝ። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ደወለልኝ፣ እንዴት ያለ ትሑት ሰው መሰለሽ!»

ታናሺቱ የያዘችውን የኦዲት ውጤት ጉባኤው ላይ ከመነበቡ በፊት ለማንም መናገር አትችልም፤ ለእህትም ቢሆን።

«ባትሄጂስ?» አለች።

«ለምን?»

«ይደክምሻል ብዬ ነው።»

«ለማመስገን ሄጄ ልድከም እንጂ! ሰው በቁሙ ያላመሰገነ መቼ ሊያመሰግን ነው?» መርፌዋን በጥርሷ ይዛ ቀሚሱን በቁመቷ ለካችው። «ፊትሽ ለምን አመድ መሰለ? በልተሻል?»

«በልቻለሁ እትዬ።»

ቅዳሜ ጠዋት የሆስፒታሉ የስብሰባ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ሁለት መቶ ሰው ይሆናል። ከፊት አንድ ሲሚንቶ አከፋፋይ ባለጸጋ፣ የትልቁ ልገሳ ባለቤት፣ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። በአጀንዳው ላይ ከሪፖርቱ በፊት «የታካሚ ምስክርነት» የሚል መስመር ገብቷል፤ ማን እንዳስገባው መጠየቅ አላስፈለጋትም። እህቷ በሰማያዊ ቀሚሷ ተነሣች። በቀስታ፣ በጨዋ አነጋገር አመሰገነች። «እዚህ የቆምኩት በናንተ እጅ ነው» አለች። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ አንዳንዱ አለቀሰ።

«አሁን ደግሞ የኦዲተሯ ሪፖርት» አለ ሥራ አስኪያጁ። ጭብጨባው ገና አላባራም።

ስትነሣ እህቷ ዐየቻት። መጀመሪያ በደስታ፣ ቀጥሎ ግራ በመጋባት። ኦዲተሯ ከዚያ ወዲያ ዓይኗን ከወረቀቱ አላነሣችም። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይል ነበር፦ «አሁን ምስጋና ያቀረቡት ታካሚ ታላቅ እህቴ ናቸው። ማኅበሩ እንደሚረዳቸው ያወቅሁት ሥራውን ከጀመርኩ በኋላ ነው። በዚህ ምክንያት የዚህን ሪፖርት እያንዳንዱን ቁጥር የቢሮዬ ኃላፊ እንደገና መርምረው ፈርመዋል።» ከዚያ ቀጠለች። ገንዘቡ እንዳልተሰረቀ ከማሽኖቹ አስቀድማ አነበበች፤ ሦስተኛውን ገጽ ወደ ፊት አምጥታው ነበር። ሰማንያ ስምንቱ ሃምሳ ሰባት መሆኑን አነበበች። ስድስቱን ካርቶን፣ የዋስትናውን ቀን፣ ሦስቱን ደብዳቤ አነበበች።

አዳራሹ በጩኸት ፈነዳ።

«ገንዘቤን መልሱ!» ብሎ ሲሚንቶ አከፋፋዩ ተነሣ። ከኋላ ሴቶች «በሉት! በሉት!» ይላሉ። ሥራ አስኪያጁ ማይክሮፎኑን ነጠቀ።

«ጸጥታ! እህቷ ተጠቃሚ የሆነች ሴት እንዴት ገለልተኛ...»

«ሰምተናል!» ብሎ አንድ ሽማግሌ አቋረጠው። «የነገረችን እሷ ናት፤ አንተ አይደለህም!»

ያን ጊዜ ነው እህቷ እንደገና የቆመችው። ማይክሮፎን አልጠየቀችም። አጠገቧ ያሉት ዝም ሲሉ ሌላውም ተከትሎ ዝም አለ።

«ዶክተር፣ እርስዎን ነው የምጠይቀው» አለች። «ምስጋናዬን አልመለስኩም፤ የተሰጠ ምስጋና አይመለስም። እኔ ሐኪም ያዘዘልኝ በሳምንት ሦስት ቀን ነው። የማገኘው ሁለት ቀን ነው። ሦስተኛውን ስጠይቅ ማሽን የለም ይሉኛል። እሑድ እሑድ እግሬ አብጦ ጫማ አይገባልኝም፤ ትንፋሽ አጥሮኝ ቁጭ ብዬ ነው የማድረው። ማሽን የለም ሲሉኝ፣ ማሽኑ ነበረ?»

ሐኪሙ ከመድረኩ ተነሡ። ሥራ አስኪያጁ ክንዳቸውን ያዛቸው፤ አስለቀቁት።

«ነበረ» አሉ። «ነበረ እናቴ። ውሃው ነው ያልነበረው። ውሃ የለም ብዬ ብነግራችሁ ታመጡ ነበር። እኔ ነኝ ያልነገርኳችሁ።»

ጉባኤው እስከ ቀትር ቀጠለ። እራቱ ተሰረዘ። ሐኪሙ ከሊቀ መንበርነቱ ለቀቁ። ማሽን ለመግዛት የሚል ልመና እንዲቆም፣ የሚገኘው ሁሉ መጀመሪያ ለውሃ ማጣሪያው እንዲሆንና የጥገና ባለሙያው በየሦስት ወሩ ለአባላቱ ራሱ እንዲናገር ተወሰነ። ሲሚንቶ አከፋፋዩ ከመወሰኑ በፊት በሩን ወርውሮ ወጣ።

ያ ሁሉ ያማረ ፍጻሜ ቢመስልም ቀጥለው የመጡት ወራት ክፉ ነበሩ። ገቢው ከግማሽ በታች ወረደ። በየፋርማሲው ያሉ ሣጥኖች ባዶ ሆኑ፤ አንዳንዱ ላይ ሰው ስድብ ጽፎበት ተገኘ። ለስልሳዎቹ ታካሚዎች የሚከፈለው ግማሽ ወደ ሩብ ተቀነሰ። ኦዲተሯ የእህቷን ጉድለት ለመሸፈን ከቁጠባ ማኅበሯ ተበደረች፤ ሌሎቹ ሃምሳ ዘጠኙ ግን ኦዲተር እህት አልነበራቸውም። ወረፋ ላይ ከነበሩት ሁለት ሰዎች ሞቱ። ሪፖርቱ ባይነበብ ኖሮ ይኖሩ ነበር? ወይስ ከሁለት ዓመት በፊት ተነብቦ ቢሆን ኖሮ ነው የሚኖሩት? ይህን ደምራ የምትጨርስበት መዝገብ አጣች። አንደኛው ቀብር ላይ ከሰዉ ኋላ ቆማ፣ ማንም ሳያያት ተመለሰች።

እህቷ አምስት ሳምንት አላናገረቻትም። ስልክ አታነሣም። ገንዘቡን በጎረቤት ስትልክላት ትቀበላለች፤ መልእክት ግን አትመልስም። በስድስተኛው ሳምንት እሑድ ጠዋት እያለከለከች ደረጃውን ወጥታ በሯን አንኳኳች።

«ሁለት መቶ ሰው ፊት እንደ ጅል አቁመሽኝ...» ብላ ጀመረችና ትንፋሽ አጠራት። ታናሺቱ ወንበር ሳበችላት። «ቀሚስ ሰፍቼ ሄጄ! ሐሙስ ቤቴ መጥተሽ፣ ዓይን ዓይኔን እያየሽ!»

«ልነግርሽ አልችልም ነበር እትዬ። ለአንቺ ብነግርሽ ኖሮ ሪፖርቱ ውሸት ይሆን ነበር።»

«ይሁና! ለእኔ ሲሆን ይሁና!»

«አንቺስ? ሦስት ዓመት ‹ሆስፒታሉ ይቀንስልኛል› ስትዪኝ?»

ታላቂቱን ሳቅ አመለጣት፤ የመረረ፣ ሳል የተቀላቀለበት ሳቅ። «አንዱ ቤት ሁለት ደባቂ» አለች። «እናታችን ብትኖር ሁለታችንንም በልምጭ ነበር።» ያን ቀን እስከ ምሳ አብረው ዋሉ፤ ስለ ጉባኤው ግን ከዚያ በላይ አልተነጋገሩም። የታናሺቱ ፊት ግን እህቷ ስትሄድ በስድስት ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ተፈታ።

የውሃ ማጣሪያው ገንዘብ የሞላው በስምንተኛው ወር ነው። ሲሚንቶ አከፋፋዩ አልተመለሰም። የሞላው በትንንሽ ነው፤ የጉልት ነጋዴ ሴቶች፣ የአውቶቡስ ሾፌሮች፣ አንድ ትምህርት ቤት። ማኅበሩ በየሳምንቱ ስንት እንደገባና ስንት እንደቀረ ካርድ ክፍሉ በር ላይ በትልቅ ወረቀት ይለጥፍ ነበር፤ ሰው እየቆመ ያነባል፣ ይከራከራል፣ አንዳንዱም ኪሱ ይገባል። ካርቶኖቹ ሲከፈቱ ከስድስቱ ማሽኖች ሁለቱ በተቀመጡበት ተበላሽተው ተገኙ። ዋስትና ስላልነበራቸው መለዋወጫው እስከ ዛሬ አልመጣም። አራቱ ግን ተነሡ። ከወረፋው ሃያ ሁለት ሰው ገባ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ይታጠቡ ከነበሩትም ሐኪም ሦስት ያዘዘላቸው ሦስተኛ ቀናቸውን አገኙ።

የእህቷ ሦስተኛ ቀን ዓርብ ሆነ። በመጀመሪያው ዓርብ አብራት ሄደች። ኮሪደሩ ላይ ሐኪሙን አገኟቸው። ነጭ ጋውን አልለበሱም፤ እንደ ማንኛውም ጠያቂ አንድ ሽማግሌ ታካሚ ደግፈው ወደ አልጋው እየወሰዱ ነበር። ኦዲተሯ ቆመች። እሳቸውም ቆሙ፤ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም አሏት።

«እግርዎ እንዴት ነው?» አሏት ወደ እህቷ ዞረው።

«ጫማ እየገባልኝ ነው ዶክተር» አለች እህቷ። ነርሷ ስሟን ጠራች፤ ገባች።